በጋራ ስኬጁል ላይ ማን ምን ይንካ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከደረሱን ጥያቄዎች ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው በሚገባበት የስኬጁል ዳታቤዝ ላይ ማን ይይ፣ ማን ያርም፣ ማን ይሰርዝ? አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚሠሩት በፕሪማቬራ ፒ6 (የፕሮጀክት ስኬጁል ማውጫ ሶፍትዌር) ስለሆነ መልሳችንም በእሱ ላይ ያዘነብላል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ለሚጠቀሙ መጨረሻ ላይ ቦታ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ቢሯችን ፈረንጅ አራዳ ነው። ሰባታችንም ፒ6 የምንገባው «አድሚን» በሚለው አንድ ስም ነው፤ ፓስወርዱ ነጭ ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ወር የአንድ ሕንጻ ማጠናቀቂያ ቀን አርባ ቀን ያህል ተገፍቶ አገኘነው። ሁሉም «እኔ አልነካሁም» ይላል። ከየት እንጀምር?
— የፕላኒንግ ክፍል ባልደረባ

መልስ፦ ምናልባት ማንም አልዋሸ ይሆናል። ከሰባቱ አንዱ ሌላ ፕሮጀክት ሲያርም ሳያውቀው ያመጣው ለውጥ ሊሆን ይችላል። ፒ6 እያንዳንዱን አክቲቪቲ (በስኬጁሉ ላይ የተዘረዘረ ነጠላ ሥራ) ማን እንደጨመረውና ማን መጨረሻ ላይ እንዳረመው ከነቀኑ ይይዛል። አክቲቪቲ ገጽ ላይ «ላስት ሞዲፋይድ ባይ» እና «ላስት ሞዲፋይድ ዴት» የሚሉትን ኮለሞች አውጥታችሁ እዩ። የእናንተ ዳታቤዝ ለሁሉም ረድፍ የሚሰጣችሁ መልስ ግን «አድሚን» ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለየሰዉ የራሱ የመግቢያ ስም ይሰጠው። ይህ ሳይሆን የሚደረግ የመብት ድልድል ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። ፒ6 ውስጥ ሁለት ዛፎች አሉ። አንዱ ፕሮጀክቶች የሚደረደሩበት ኢፒኤስ ነው፤ ሌላው የኃላፊነት ዛፍ የሆነው ኦቢኤስ ነው። ሰው ከፕሮጀክት ጋር በቀጥታ አይታሰርም። ሰውየው ከአንድ የኦቢኤስ ቅርንጫፍ ይታሰራል፤ ፕሮጀክቱም «ሪስፖንሲብል ማናጀር» በሚለው ቦታ ከዚያው ቅርንጫፍ ይታሰራል። ሁለቱ ገመዶች ካልተገናኙ ሰውየው ፕሮጀክቱን ጭራሽ አያየውም።

ኦቢኤሱን በሰው ስም አትሙሉት፤ ወንበሩን ጻፉ። «የሕንጻ ሥራዎች ፕላነር»፣ «የመንገድ ሥራዎች ፕላነር»፣ «የሳይት ቢሮ» በሉት። ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ይቀየራል፣ ወንበሩ ግን ይቆያል። በሰው ስም የተሠራ ኦቢኤስ ሰውየው ሥራ በለቀቀ ቁጥር ፕሮጀክቶቹን አንድ በአንድ እየዞሩ ማዛወርን ይጠይቃል። ደግሞም መብት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከዛፉ አናት የታሰረ ሰው ከሥሩ ያለውን ሁሉ ስለሚያገኝ አናቱ ላይ ዋናው ፕላነር ብቻ ይቀመጥ።

ቀጥሎ በአድሚን ሜኑ ሴኩሪቲ ፕሮፋይልስ ውስጥ ግቡ። ፕሮፋይል ሁለት ዓይነት ነው። ግሎባል የሚባለው ሁሉም ፕሮጀክት በጋራ የሚጠቀምባቸውን ካሌንደሮች፣ ኮዶች፣ ሪሶርሶችና ዩዘሮች ይመለከታል። ፕሮጀክት የሚባለው አንድ ፕሮጀክት ውስጥ የሚፈቀደውን ይወስናል። ለእናንተ ቢሮ ሦስት የፕሮጀክት ፕሮፋይል ይበቃል። ፕላነሩ አክቲቪቲ ይጨምር፣ ያያይዝ፣ ስኬጁል ያስላ፤ ፕሮጀክት መሰረዝና ቤዝላይን (ማነጻጸሪያ የሚሆነውን ዕቅድ) መመደብ ግን ለዋናው ፕላነር ይተው። መረጃ አስገቢው አክቲቪቲ ማረም ይፈቀድለት፤ የአክቲቪቲዎች ግንኙነት ማረም፣ አክቲቪቲ መሰረዝና ስኬጁል ማስላት ይዘጋበት። ተመልካቹ ምንም ማረም አይፈቀድለት፤ ዋጋ የማየት መብቱም ከተዘጋ በዋጋ ኮለሞቹ ውስጥ ቁጥር ሳይሆን ሰረዝ ብቻ ያያል። የግሎባል መብትን በተመለከተ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው በቀር ለሁሉም ምንም የማያስነካውን ስጡ። ለምን እንዲህ እንደምንጠብቅ ስለ ካሌንደር በተጠየቀው ላይ ታያላችሁ።

ከዚያ በዩዘርስ መስኮት ሰባቱን ሰዎች መዝግቡ። ለእያንዳንዱ «ግሎባል አክሰስ» ላይ ፕሮፋይሉን፣ «ፕሮጀክት አክሰስ» ላይ የኦቢኤሱን ወንበርና ከጎኑ የፕሮጀክት ፕሮፋይሉን አስገቡ። «ሞጁል አክሰስ» ላይ ፕሮፌሽናል የሚለው ካልተመረጠለት ሰውየው መግባት አይችልም። በአድሚን ፕሪፈረንስስ ውስጥ የፓስወርድ ፖሊሲ የሚለውንም አብሩ፤ ጠፍቶ ከቆየ ባዶ ፓስወርድ ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም።

ሁሉም ተስተካክሎ «ፕሮጀክቱ አይታየኝም» የሚል ሰው ከተገኘ ችግሩ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ሪስፖንሲብል ማናጀሩ ላይ ነው። ድሮ በአድሚን ስም የተፈጠሩ ፕሮጀክቶች ብዙውን ጊዜ የተንጠለጠሉት ከኦቢኤሱ አናት ላይ ነው። በፕሮጀክቶች ገጽ ሪስፖንሲብል ማናጀር የሚለውን ኮለም አውጡና ወደ ትክክለኛው ወንበር አዛውሩ። ደብሊውቢኤስ (የፕሮጀክቱ ሥራዎች መከፋፈያ) መስኮት ውስጥም እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ሪስፖንሲብል ማናጀር ስላለው ያንንም እዩት። ለውጡን ለመፈተሽ ዩዘሩ ወጥቶ እንደገና ይግባ።

የአድሚን ፓስወርድ መጨረሻ ላይ ይቀየር። ከመቀየሩ በፊት ሙሉ መብት ያለው ሁለተኛ ስም ፍጠሩና ገብታችሁ ሞክሩት። አዲሱ የአድሚን ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ከሥራ አስኪያጁ ካዝና ይግባ፤ ለዕለት ሥራ ማንም አይጠቀምበት።

ከመጨረሻው አራሚ ሌላ ሙሉ የለውጥ ታሪክ ካስፈለጋችሁ ፒ6 ፕርኦዲት የሚባል ሠንጠረዥ አለው። በየሠንጠረዡ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይከፈታል፤ 0 ማለት ምንም አይመዘገብም ማለት ነው። ለሁሉም ሠንጠረዥ አትክፈቱት፤ ዳታቤዙን በፍጥነት ያሳብጠዋል። አክቲቪቲና ግንኙነት የሚቀመጡባቸው ሁለቱ ላይ መክፈት ለአብዛኛው ክርክር ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሳይት መሐንዲሶች የሥራ አፈጻጸም ራሳቸው ፒ6 ላይ እንዲያስገቡ ፈልገን መብት ሰጠናቸው። አሁን የአንዳንዱ አክቲቪቲ ዱሬሽን (የሥራው ርዝመት) እየተቀየረ፣ የአንዱ ባር ደግሞ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተዘርግቶ አገኘን።
— ከሰጦ ሰመሮ

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ከመብቱ ተፈጥሮ ይመጣል። በፒ6 ፕሮፌሽናል አክቲቪቲ የማረም መብት በየኮለሙ አይከፋፈልም። አክቱዋል ስታርት (ሥራው በእርግጥ የጀመረበትን ቀን) እንዲጽፍ የፈቀዳችሁለት ሰው ኦሪጅናል ዱሬሽንም፣ ኮንስትሬይንትም (የቀን ገደብ) መቀየር ይችላል። «ይህን ብቻ ንካ» የምትሉበት ቁልፍ የለም። ስለዚህ ለሳይት ሰው የምንመክረው ወደ ዳታቤዙ አለመግባትን ነው። ፕላነሩ ከፋይል ሜኑ ኤክስፖርት ብሎ ወደ ኤክሴል የሚያስፈልጉትን ኮለሞች ያውጣ፤ የአክቲቪቲ መለያ፣ ስም፣ አክቱዋል ስታርት፣ አክቱዋል ፊኒሽና ቀሪ ዱሬሽን። የግንኙነቶችን ገጽ አብሮ አያውጣ። የሳይት መሐንዲሱ ሞልቶ ይመልሳል፤ ፕላነሩ አይቶ ኢምፖርት ያደርጋል።

ኤክሴሉ ሲወጣ የመጀመሪያው ረድፍ የዳታቤዙን የኮለም ስሞች ይይዛል፤ ሰው የሚያነበው ርዕስ በሁለተኛው ረድፍ ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ወይም የሺቱን ስም «ለማሳመር» የነካ ሰው ፋይሉ ተመልሶ እንዳይገባ ያደርገዋል። ዩዘርዳታ የሚለው ሺትም አይነካ። ፋይሉን ለሳይት ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያውን ረድፍ ደብቁና የአክቲቪቲ መለያውን ኮለም በኤክሴል ፕሮቴክት ቆልፉ።

ሰባት ዓመት የተዘረጋው ባር በእርግጠኝነት ማለት ይቻላል የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። መሐንዲሱ ሥራው ኅዳር 12 ቀን 2018 መጀመሩን በእኛ አቆጣጠር 12/03/2018 ብሎ ጻፈ። ፒ6 የኢትዮጵያን ካሌንደር ስለማያውቅ በፈረንጆቹ 2018 ወሰደው። ትክክለኛው ቀን በእነሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ነበር። ያለፈ ቀን ስለሆነ ሶፍትዌሩ አይቃወምም፤ ዝም ብሎ ይቀበላል። መፍትሔው ኤክሴሉ ላይ ዳታ ቫሊዴሽን ማድረግ ነው፤ ለቀን ኮለሞቹ ካለፈው የሪፖርት ቀን እስከ አሁኑ የሪፖርት ቀን ያለውን ብቻ እንዲቀበሉ አዘዟቸው። 2018 ብሎ የጻፈ ወዲያው ይመለስበታል።

ጥያቄ፦ ለመንገድ ሥራ ፕሮጀክቴ የዝናብ ቀናትን ካሌንደር ላይ አስገብቼ ኤፍ 9 ተጭኜ ስኬጁሉን አሰላሁ። በማግስቱ የሕንጻ ክፍል ባልደረቦቼ የውስጥ ልስንና የቀለም ሥራቸው ሳይቀር ተገፋ ብለው መጡብኝ። የእነሱን ፕሮጀክት ከፍቼው እንኳ አላውቅም።
— የመንገድ ፕላነር፣ ጅሬን

መልስ፦ ያረሙት ግሎባል ካሌንደር ነው። እርስዎን ብቻ መውቀስም አይገባም፤ ይህን ማድረግ ያስቻለዎት የተሰጠዎት ሰፊ መብት ነው።

ፒ6 ሦስት ዓይነት ካሌንደር አለው፤ ግሎባል፣ ሪሶርስና ፕሮጀክት። ግሎባሉን ዳታቤዙ ውስጥ ያለ ማንኛውም ፕሮጀክት ይጠቀምበታል። እርስዎ የዝናብ ቀን ሲጨምሩ የሕንጻዎቹ ቀን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም፤ ባልደረቦችዎ የራሳቸውን ፕሮጀክት ኤፍ 9 ሲያሰሉ ነው የወጣው። ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀንና ቦታ ርቆ የሚታየውም ለዚህ ነው። ከላይ የተጠየቀው የአርባ ቀን መገፋትም መነሻው እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያው ጠያቂያችን ካሌንደሮቹን ቢያይ ጥሩ ነው።

ከቀናት የባሰው የሰዓት ለውጥ ነው። ፒ6 ዱሬሽንን የሚያስቀምጠው በሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት በሚል ካሌንደር የ10 ቀን ሥራ 80 ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ሰው ግሎባል ካሌንደሩን ወደ 10 ሰዓት ቢቀይረውና የቀኑ ሰዓት ከካሌንደሩ እንዲነበብ ተደርጎ ከሆነ፣ ያው 80 ሰዓት 8 ቀን ሆኖ ይታያል። ማንም ዱሬሽን ሳይነካ ያንን ካሌንደር የሚጠቀም ሥራ ሁሉ ዱሬሽኑ ያጥራል ማለት ነው።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። የግሎባል ካሌንደር መጨመር፣ ማረምና መሰረዝ መብት ከአንድ ሰው በቀር ከሁሉም ይነሳ። ያ ሰው «ብሔራዊና ሃይማኖታዊ በዓላት» የሚል አንድ ግሎባል ካሌንደር ያዘጋጅ። ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ፋሲካና መስቀል ይግቡበት፤ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድም እንዲሁ። የእስልምና በዓላት በፀሐይ አቆጣጠር ሲታዩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ስለሚሉ ፋሲካም ቦታው ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ መስከረም ላይ መታረም አለባቸው። ጅማ ላይ በአረፋ ሳምንት ሳይት ክፍት ይሆናል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው።

እርስዎ ደግሞ የፕሮጀክት ካሌንደር ይፍጠሩ። በካሌንደርስ መስኮት «ፕሮጀክት» የሚለውን ይምረጡና አድ ይበሉ፤ ከየትኛው እንደሚገለበጥ ይጠይቅዎታል። ሞዲፋይ ብለው ሲገቡ በዓላትን ከግሎባል ካሌንደር እንዲወርስ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ የበዓላቱን ካሌንደር እዚያ ያስገቡ። ከዚያ የዝናብ ቀናትዎን በዚሁ ብቻ ይጨምሩ። ጅማ ዝናብ የሚረዝምባት ከተማ ስለሆነች አንድ የዝናብ ካሌንደር ለሁሉም ሥራ ማድረግ አይበጅም፤ ለአፈር ሥራና ለሰብ ቤዝ አንድ፣ ለስትራክቸር ሥራ ሌላ ይኑርዎት። ጣሪያ ለለበሰ ሕንጻ የውስጥ ሥራ የዝናብ ቀን አያስፈልግም። ካሌንደሮቹን ለአክቲቪቲዎቹ ከሰጡ በኋላ ግሎባሉ ላይ ያስገቡትን ያጥፉና ባልደረቦችዎ ኤፍ 9 እንዲያሰሉ ይንገሯቸው። የተገፋው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አማካሪው የላከልንን የኤክስኢአር (የፒ6 ፕሮጀክት የሚላክበት) ፋይል ካስገባን በኋላ ዳታቤዛችን በማናውቃቸው ኮዶችና ሪሶርሶች ተሞላ። መክፈቻውም ዘገየ።

መልስ፦ ኤክስኢአር ፕሮጀክቱን ብቻ አያመጣም። የላኪውን ካሌንደሮች፣ የአክቲቪቲ ኮዶች፣ ሪሶርሶችና ሌሎች የጋራ ነገሮችም ተሸክሞ ይመጣል። ኢምፖርት ስታደርጉ በሚወጣው ምርጫ ላይ በየዓይነቱ «ያለውን ጠብቅ»፣ «ያለውን አድስ»፣ «አታስገባ» የሚሉ አማራጮች አሉ። ካሌንደር ላይ «ያለውን አድስ» ከተመረጠና ስሙ ከእናንተው ጋር ከገጠመ የሰው ካሌንደር የእናንተን ተክቶ ይቀመጣል። ለካሌንደር፣ ለኮድና ለሪሶርስ «ያለውን ጠብቅ» ይሁን።

የመዘግየቱን ምክንያት ለማወቅ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና «ፒኦቢኤስ» (POBS) የሚል የሠንጠረዥ ስም ፈልጉ። ለስኬጁሉ ምንም የማይጠቅም ሆኖ ሳለ በሺዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ በበለጠ ረድፍ ከዳታቤዝ ወደ ዳታቤዝ ሲሻገር የሚኖር ሸክም ነው። ጥቂት መቶ አክቲቪቲ የያዘ ፋይል በአሥር ሜጋባይቶች ከተመዘነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። ከሠንጠረዡ ርዕስ ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ሠንጠረዥ ርዕስ ያለውን ቆርጦ በሌላ ስም ሴቭ ማድረግ ይቻላል።

የኤክስኢአር ኢምፖርት መብት ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ። ያ ሰው በላፕቶፑ ላይ ለብቻው በሚቆም ዳታቤዝ አስቀድሞ ያስገባው፣ ያጽዳው፣ ከዚያ ብቻ ወደ ጋራው ያምጣው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድ ፕሮጀክት ከፍቶ የነበረ ሰው ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እኛ ስንከፍተው «ለንባብ ብቻ» ይለናል። ሠንጠረዥ ውስጥ ገብተን ብናጠፋውስ?
— ከመንቲና

መልስ፦ ፕሮጀክት በሦስት መንገድ ይከፈታል፤ ለብቻ፣ በጋራ፣ ለንባብ። ለብቻ የከፈተው ሰው እስኪዘጋ ሌሎቹ ማንበብ እንጂ ማረም አይችሉም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ይጥፋ እንጂ ዩሴሽን በሚባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የመግቢያ ምልክቱ ይቀራል፤ ዳታቤዙ ሰውየው አሁንም ተቀምጧል ብሎ ያምናል።

ይህን የሚያጸዳው ሲሞን የሚባል የጀርባ ሥራ ነው። ምልክቶቹ ለሰዓታት የማይነሱ ከሆነ ሥራው ቆሟል ማለት ነው። የዳታቤዝ አስተዳዳሪያችሁ ኢኒሺያላይዝ_ባክግራውንድ_ፕሮክስ የሚባለውን ፕሮሲጀር በፒ6 ዳታቤዝ ላይ ያስኪደው። ዳታቤዙ ከባክአፕ ከተመለሰ ወይም ሰርቨር ከተቀየረ በኋላ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሠንጠረዡን በእጃችሁ አታጽዱ፤ በዚያች ደቂቃ በእውነት እየሠራ ያለን ሰው ምልክት ልታጠፉ ትችላላችሁ።

ለዕለት ሥራ በጋራ መክፈትን ልማድ አድርጉ። ያስገባችሁት ለሌሎች የሚታየው በእነሱ በኩል ኤፍ 5 ሲጫኑ ነው፤ እናንተ ደግሞ ያረማችሁትን ወደ ዳታቤዝ ለመላክ ኤፍ 10 ተጫኑ። ሁለት ሰው አንድ አክቲቪቲ ካረመ የመጨረሻው ሴቭ ያሸንፋል፤ ስለዚህ በደብሊውቢኤስ ተከፋፈሉ። ኤፍ 9 የሚጫነው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሰዓቱም የታወቀ፣ ለምሳሌ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት። ለብቻ መክፈት የሚገባው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ሰርቨሩና የኔትወርክ ስዊቹ ሁለቱም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ሰርቨሩ ብቻ ዩፒኤስ ኖሮት ስዊቹ ከጠፋ ሁሉም ሰው ከመስመር ወጥቶ ያው ችግር ይፈጠራል።

ጥያቄ፦ ፒ6 በኤስኪውኤልላይት ጭነን የዳታቤዙን ፋይል ሸር ፎልደር ላይ አስቀምጠን አራት ሰው እንጠቀምበታለን። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም፤ ዛሬውኑ አቁሙት። ያ ፋይል የተሠራው ለአንድ ኮምፒውተር ነው። ኤስኪውኤልላይት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይጽፍ የሚከላከለው በፋይል ቁልፍ ሲሆን፣ ይህ ቁልፍ በኔትወርክ ፎልደር ላይ አስተማማኝ አይደለም። ሲበላሽ ደግሞ ሁሉም ፕሮጀክት አብሮ ይሄዳል። ድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው።

ለአራት ሰው ነጻው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ይበቃል። እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) እትሙ ድረስ ለአንድ ዳታቤዝ የ10 ጊጋባይት ገደብ አለው፤ ለትንሽ ቢሮ ስኬጁል ሰፊ ቦታ ነው። ከጫናችሁ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር አልገናኝም ካለ ኤክስፕረስ ቲሲፒ አይፒን ዘግቶ ስለሚመጣ በኮንፊገሬሽን ማናጀር ክፈቱት፤ ፖርቱን 1433 ላይ አጽኑት፤ በፋየርዎል ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ፍቀዱ። ይህን ፖርት ለኢንተርኔት ፈጽሞ አትክፈቱ።

ሳይት ላይ ያለ ሰው በቪፒኤን ቢገባ ይዘገይበታል፤ ፒ6 ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ከዳታቤዙ ጋር ብዙ ስለሚመላለስ ደካማ መስመር አይችለውም። ይልቁን በሪሞት ዴስክቶፕ ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ይሥራ። ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ሁለት ሰው ብቻ፣ ያውም ለአስተዳደር ሥራ እንደሚያስገባ አትርሱ።

ጥያቄ፦ አሠሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርት በፓወር ቢአይ ለማውጣት የፕሪቭዩዘርን (ፒ6 ራሱ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበት ስም) ፓስወርድ ጠየቀን። እንስጥ?

መልስ፦ አትስጡ። ፒ6 ሲከፈት በመጀመሪያ በፐብዩዘር ገብቶ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በፕሪቭዩዘር ነው። ከላይ የደከማችሁበት ኦቢኤስና ፕሮፋይል የሚሠራው በፒ6 መስኮት ውስጥ ብቻ ነው። ፕሪቭዩዘርን የያዘ ሰው በኤክሴል እንኳ ገብቶ የሁሉንም ፕሮጀክት ዋጋ ማየት፣ ማረምም ይችላል።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ለእነሱ የተለየ ሎግኢን ፍጠሩ። የሚያስፈልጋቸውን ኮለሞች ብቻ የያዙ ቪውዎችን (ከሠንጠረዦቹ የተመረጠውን ብቻ የሚያሳዩ) ሥሩና በእነዚያ ላይ ብቻ የማንበብ መብት ስጡ፤ ሠንጠረዦቹ ላይ ምንም አትስጡ። በቪዉ ውስጥ የፕሮጀክቱን ቁጥር ወስኑ። ዲሊት_ሴሽን_አይዲ ባዶ የሆኑትን ረድፎች ብቻ መምረጥም አይረሳ። ፒ6 አንድን ነገር ሲሰርዝ ወዲያው አያጠፋውም፤ በዚህ ኮለም ምልክት ያደርግበታል። ይህ ከተዘለለ የተሰረዙ አክቲቪቲዎች ሪፖርቱ ላይ ተነስተው ድምሩ ከእናንተው ጋር አይገጥምም፤ ክርክሩም ከዚያ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሥራ የለቀቀ ሰው ስሙ ይሰረዝ?

መልስ፦ ወዲያው አትሰርዙት። በለቀቀበት ቀን ሞጁል አክሰሱን አንሱ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከኦቢኤስ ወንበሩ ፍቱት። በየሦስት ወሩም ዩዘርኦቢኤስ ከሚባለው ሠንጠረዥ ማን ከየትኛው ወንበር በየትኛው ፕሮፋይል እንደታሰረ አውጡና ከሰው ኃይል ክፍሉ ዝርዝር ጋር አስተያዩ።

ጥያቄ፦ ቂጦ ፉርዲሳ የምንማር ተማሪዎች ነን። በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ለአንድ የጋራ ሥራ አምስት ሆነን አንድ ፋይል ሸር ላይ እንጠቀማለን። ሁልጊዜ አንዱ ሲከፍት ሌላው ሪድ ኦንሊ ይሆንበታል።

መልስ፦ የኤምፒፒ ፋይል ባህርዩ ነው፤ መጀመሪያ የከፈተው ያርማል፣ ሌላው ያነባል። ፋይሉን አምስት ቦታ ክፈሉት። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ፋይል ይኑራችሁ፤ አስተባባሪው ማስተር ፋይል ከፍቶ ኢንሰርት ሰብፕሮጀክት በሚለው አምስቱን ያስገባ፤ በፋይሎቹ መካከል ያለውን ግንኙነትም እሱ ይያዝ። በየፋይሉ ምትክ በየሰዉ ፎልደር ላይ መብት ስጡ፤ ባለቤቱና አስተባባሪው «ሞዲፋይ»፣ ሌሎቹ «ሪድ»። «ራይት» ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ሴቭ ሲደረግ ሊከለከል ይችላል። የሸሩ መብትና የፎልደሩ መብት ከተለያዩ የሚሠራው ጠበብ ያለው ነው። ፋይል ስሙ ከተቀየረ ወይም ቦታው ከተዛወረ ማስተሩ ያጣዋል፤ ስለዚህ ስምና ፎልደር በመጀመሪያው ቀን ወስናችሁ አትንኩት።

ወደ ፕሮጀክት ኦንላይን ለመሄድ ካሰባችሁ ማይክሮሶፍት አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 2019 እንደሚዘጋ አስታውቋል፤ አዲስ ሥራ እዚያ አትጀምሩ።